ከእትዬ ሱኒቲ ጋር ካልካታን በእግር

ጁላይ 9

ደረስኩ። እትዬ ሱኒቲ ባቡር ጣቢያ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። የልብ በሽተኛ ናት የተባለችው እሷ፣ ሻንጣውን እኔ ካልያዝኩ ብላ ከተሸካሚው ጋር የተናነቀችውም እሷ። ከሳ ብላለች። ከንፈሯ ወደ ጥቁረት ያደላ መሰለኝ። የጣቢያው መብራት ይሆናል።

ልጄ ሾሚክ ከቦምቤ ሲሸኘኝ፣ "እማዬ፣ አክስቴን ልታስታምሚ ነው የምትሄጂው፤ እንዳታዞርሽ አደራ" ብሎኛል። ታላቅ እህቴን ያውቃታል። አላገባች፣ አልወለደች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ልጆች ጂኦግራፊ ስታስተምር ኖራ ጡረታ ወጣች። ባለፈው ወር ዓሣ ገበያ መሐል ተዝለፍልፋ ወደቀች። ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሽ ቦረን ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሐኪሙ የልብሽ ደም ስሮች ጠበዋል፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልግሻል አላት። እሷ ደግሞ የአምላካችን የእናት ዱርጋ በዓል ሳያልፍ ማንም ደረቴን አይከፍትም አለች። በዓሉ ኦክቶበር ላይ ነው። እኔ የመጣሁት እስከዚያ ላስታምማት፣ ከሆነልኝም ሐሳቧን ላስቀይራት ነው። ባሌ ካረፈ ወዲህ ኑሮዬ ከልጄ ጋር ስለሆነ ፈቃድ የሰጠኝ እሱ ነው። ፈቃድ ስል ለአባባል ያህል ነው።

መስኮት ሥር አልጋ አንጥፋልኛለች። ለወገቤ መሬት ይሻለኛል፣ ቦምቤም ምንጣፍ ላይ ነው የምተኛው አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና "ዝም ብለሽ ተኚ" አለችኝ።

ጁላይ 11

ሐኪሙ በየቀኑ በእግሯ እንድትሄድ አዟታል። "ቀስ እያልኩ፣ ሰው ይዤ" አለችኝ። ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ዛሬ ከባግባዛር ሰፈራችን ወጥተን፣ በጠባቡ መንገድ አድርገን ሺያምባዛር አደባባይ ደረስን። አምስት መንገድ የሚገናኝበት ነው፤ በልጅነቴ እትዬን ሳልይዝ ተሻግሬው አላውቅም። ዛሬም ክንዷን ጨምድጄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ተሻገርኩ። "ስልሳ አንድ ዓመትሽ ነው እኮ ቱኩ" አለችኝ። በቤት ስሜ የሚጠራኝ ሰው እሷ ብቻ ቀርታለች።

የትምህርት ቤታችን ደጃፍ ላይ ፉችካ የሚሸጥ ሰው አለ። ድሮ የነበሩት ሽማግሌ አይደሉም፣ ግን ቦታው ያው፣ የመዳብ ድስቱም ያው። አንዷን ስስ ጥብስ ኳስ በአውራ ጣቱ ይበሳታል፣ ድንች ይጠቀጥቅባታል፣ ጎምዛዛ ውሃ ይሞላባትና እጅሽ ላይ ያስቀምጣታል። ሳትፈስ በአንድ ጉርሻ መዋጥ ነው። የእኔዋ አገጬ ላይ ፈሰሰች። የእትዬ አልፈሰሰችም። ሻጩ በርበሬ ልቀንስልሽ ወይ እማማ ቢላት፣ "ጨምር እንጂ፣ ለምን ትሰድበኛለህ?" አለችው። ዓይናችን እስኪያለቅስ በላን።

ሐኪሙ ስለ ፉችካ ምን እንዳለ አልጠየቅኳትም።

ጁላይ 16

ዝናብ። ቢሆንም ወጣን። እኔና እሷ በአንድ ጃንጥላ። የድሮው ቲያትር ቤት የሠርግ አዳራሽ ሆኗል። እትዬ የሙሽራው ወገን መስላ ገብታ ሁለት ጣፋጭ ይዛ ወጣች። ሙሽራው ማነው ብትባል "የተደናገጠው ልጅ" ብላ መለሰች። ሮጥን። ማለቴ እኔ ሮጥኩ፤ እሷ እየተራመደች መጣች፤ መሮጥ ነውር ነው አለችኝ።

ጁላይ 22

ዛሬ ስለ ዋና ገንዳው መጻፍ አለብኝ፤ አለዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሄዱዋ ዛፍ የከበበው አራት ማዕዘን ትልቅ ኩሬ ነው። ልጅ ሳለን ሴት ልጅ እዚያ መዋኘት አዲስ ነገር ነበር። አባታችን እትዬ የሳንስክሪት ትምህርት ላይ ናት ብሎ ሲያምን፣ እሷ ግን ከላይኛው የውሃ መዝለያ ሳንቃ ላይ ቆማ ነበር። እኔ ደረቅ ሳሪዋን ታቅፌ ከሥር እቆማለሁ፤ ሥራዬ አባዬ በመንገድ ሲመጣ ማፏጨት ነው። ማፏጨት አልችልም ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ነግሬያት አላውቅም፤ ዛሬ ብነግራት የድንጋዩን አጥር ይዛ እስክትንፈራፈር ሳቀች። "በስንት ሰው ጸሎት ነው የተረፍኩት?" አለች።

ትንንሽ ሴት ልጆች ተሰልፈው ይለማመዱ ነበር። አንዷ መዝለያው ላይ ወጥታ አልወርድም ብላ ታለቅሳለች፤ አሠልጣኟ ከታች ትጮህባታለች። እትዬ ጫማዋን አውልቃ ውሃው ዳር ተቀመጠች፣ እግሯን ነከረችና ወደ ላይ ተጣራች።

"የኔ ልጅ፣ ስምሽ ማነው?"

"ጁቲካ።"

"ጁቲካ፣ እኔም እዚያ ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ። እያለቀስሽ መዝለል ይቻላል።"

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና እያለቀሰች ዘለለች። ከውሃው ስትወጣ እየሳቀች ነበር።

ዘበኛው መጥቶ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው እማማ አለ። እትዬ "ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ እዚህ ተቀምጫለሁ፤ ገና አልተነሳሁም" አለችው። ሰውየው ሄደ። እኔም ጫማዬን አወለቅኩ። በእናቴ ሞት፣ በዚህ ዕድሜዬ ከተማ መሐል እግሬን ውሃ ውስጥ አንቦራጨቅሁ።

ለመነሳት ጊዜ ወሰደባት። ድንጋዩ ያንሸራትታል።

ጁላይ 30

ሾሚክ ደወለ። ስልኩ ያለው ጋሽ ቦረን ቤት ስለሆነ የምናገረውን ሁሉ ከጋዜጣቸው ጀርባ ይሰማሉ። አክስቴ እያረፈች ነው ወይ? አለኝ። በደንብ አልኩት። ሪኒ፣ ማለትም የልጄ ሚስት፣ ሠራተኛዋ ስለወጣችባት በጣም ተቸግራለች፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸው የለም። ሴፕቴምበር ላይ ብመለስ ጥሩ ነው። እነሱ ናቸው የናፈቁኝ ሳይሆን እኔ ነኝ የናፈቅኳቸው። ተገላብጦ ጻፍኩት መሰለኝ፤ ይሁን።

ስወጣ ጋሽ ቦረን ለሚስታቸው "የላይኛዎቹ ኮረዶች ዛሬም በደንብ አርፈው መጡ፤ ጭቃቸው እስከ ጉልበታቸው ነው" ሲሉ ሰማሁ።

ኦገስት 6

ኮሌጃችን ገባን። ማንም አልከለከለንም፤ ሽበት ጥሩ የመግቢያ ካርድ ነው። የንግግር አዳራሹ ያለው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። እትዬ በየደረጃው መታጠፊያ ላይ እየቆመች ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ታነብባለች። የጠፋ ጃንጥላ፣ የክርክር ውድድር፣ የተከራይ ፍለጋ። አንዱን ለረጅም ጊዜ አነበበች። አስተማሪ የነበረ ሰው ያገኘውን ሳያነብ አያልፍም።

ላይ ስንደርስ ክፍለ ጊዜው ተጀምሯል። በኋላ በር ሾልከን የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። መምህሩ ጺሙ ገና ያልጠና ልጅ ነው። ሲያየን ከሚኒስቴር የተላክን ተቆጣጣሪዎች መሰልነው መሰለኝ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሰሌዳውን እንደገና ጠርጎ ከአርዕስቱ ጀመረ። እትዬ የገበያ ወረቀት አውጥታ በቁም ነገር መጻፍ ጀመረች። ሰረቅ አድርጌ ባየው "ኤግፕላንት፣ ሰናፍጭ ዘይት፣ ሳሙና" ይላል። ሳቄን ለማፈን የሳሪዬን ጫፍ ነከስኩ። ሲጨርስ ተማሪዎቹ ሁሉ ብድግ አሉልን። እትዬ በመካከላቸው አልፋ ልጁን ትከሻውን መታ መታ አደረገችና "በርታ፣ ጥሩ ሪፖርት ነው የምንጽፍልህ" አለችው።

ደረጃው ላይ ስንደርስ ሳቃችን ፈነዳ። ሁለታችንም መቆም አቅቶን ግድግዳ ተደገፍን። እኔ ስጨርስ እሷ ግን ግድግዳውን አልለቀቀችም ነበር። ሳቅ ነው አለች። ፊቷ አልቦት ነበር። ሳቅ ላብ ያመጣል።

ኦገስት 8

ትናንትም ዛሬም ተኝታ ዋለች። የአየሩ እርጥበት ነው። እኔም ራሴ ከብዶኛል።

ኦገስት 17

ከተማው በጎርፍ ተጥለቀለቀ። እኛ ደግሞ መሐሉ ላይ ነበርን።

ከመጽሐፍ ተራ ስንመለስ ትራም ላይ ወጣን፤ ዝናቡ ወረደ፤ ሐዲዱ ጠፋ፤ ትራሙ ቆመ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሳሪና ሱሪያቸውን ሰብስበው ወረዱ። እኛ ቀረን፤ ነጂው ቀረ። በመስኮት በኩል ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው የሩዝ ፈንዲሻ ሸጠልን፤ በሽንኩርት፣ በሰናፍጭ ዘይትና በቃሪያ ያሸው። ነጂውን ጋበዝነው። ሚስቱ እናቱን አትወድም ብሎ ሲያማርር ቆየ። እትዬ እውነቱ ከሚስትህ ጋር ነው አለችው።

ስንወርድ አንደኛው ሰንደል ጫማዬ ከእግሬ ሾልኮ በውሃው ላይ እንደ ጀልባ ሄደ። ልከተለው ስል እትዬ ያዘችኝና ጎንበስ ብላ ሌላኛውን ከእግሬ አወለቀች። ወረወረችው።

"ምን አደረግሽ?"

"ለብቻዋ ምን ትሠራልሻለች? ተከትላ ትሂድ።"

ሁለቱም ተያይዘው በመድኃኒት ቤቱ ማዕዘን ታጠፉ። እኔ በባዶ እግሬ፣ እሷ በጃንጥላዋ ጉድጓድ እየለካች፣ እየዘፈንን ቤት ገባን። ጋሽ ቦረን በረንዳቸው ላይ ቆመው እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጫኑ። ደስ ብሎኛል። እንዲህ ደስ ብሎኝ የሚያውቀው መቼ ነው? ልጽፈው ፈልጌ አጣሁት።

ኦገስት 24

ክፉ ቀን።

ለምርመራ ወደ ዶክተር ሳንያል ወሰድኳት። እሷ ውስጥ የልብ ምት ስትነሣ ሐኪሙ ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጨዋ ሰው ነው። "እረፍቷን እያስጠበቁልኝ ነው አይደል?" አለኝ። "ደረጃ እንዳትወጣ፣ ከቤት እንዳትወጣ፣ ጨው እንዳትቀምስ ብያታለሁ። እስከ በዓሉ መቆየት ቁማር ነው። እርስዎ እህቷ ነዎት፤ ይንገሯት።"

እረፍት አልኩ። አዎ እረፍት ላይ ናት አልኩ።

ይሂድ የተባለ እግር የለም። ያዘዘ ሐኪም የለም። ሦስት ፎቅ አስወጥቻታለሁ። ጎርፍ ውስጥ አስኬድቻታለሁ። በርበሬ ሲጨመርላት አጠገቧ ቆሜ ስቄያለሁ። ከንፈሯን አይቼ መብራት ነው ብያለሁ፤ ላቧን አይቼ ሳቅ ነው ብያለሁ። ያላየሁት ነገር የለም።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ያዝን።

ኦገስት 25

ተጣላን። በዕድሜ ዘመናችን እንዲህ ተጣልተን አናውቅም። ዋሽተሽኛል አልኳት። አዎ አለች። ልትሞቺብኝ ነበር አልኳት። "ቤት ተቀምጬም እሞታለሁ፤ ልዩነቱ ግድግዳ ማየቴ ነው" አለች። ቀዶ ጥገናው በዚህ ወር ይሁን አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ይኸው እያየሁት ነው አለች።

ጫማዋን ሩዝ ማስቀመጫው ውስጥ ደበቅኩ። ጋሽ ቦረንን በሩን እንዲጠብቁ ለመንኳቸው። እኔ ነገሩን ገና ስጀምር "ገና ዛሬ ነው የገባሽ?" አሉኝ።

ኦገስት 29

አታናግረኝም። ስትፈልግ በመስኮት ወደ ታች ትጣራለች፤ "ጋሽ ቦረን፣ ለዚያች ሴት ሾርባው ጨው የለውም ብለው ይንገሩልኝ።" እሳቸውም ከታች "አንቺ ሴት፣ ጨው የለውም ተብሏል" ብለው ይጮኻሉ። እኔም በመስኮት "ሐኪሙን አናግሪ በሏት" እላለሁ። መንገደኛ ሁሉ እየቆመ ያደምጣል። ዛሬ አትክልት ሻጯ "ምናለ ትንሽ ብታደርጊላት?" ብላ ተቆጣችኝ።

ሳቄ መጣ። ሳቄ በመምጣቱ ራሴን ታዘብኩት።

ሴፕቴምበር 3

ጠፋች።

ጋሽ ቦረን ጺማቸውን እየተላጩ ሳለ አዲሱን ጫማዬን አድርጋ ወጥታለች። እኔ ከሩዙ ውስጥ የእሷን አወጣሁ፤ ለእግሬ ሰፊ ነው። ወጣሁ። ለብቻዬ።

ሄዱዋ ሄድኩ፤ የለችም። ያ ዘበኛ "ዛሬ አልተቀመጠችም" አለኝ። የሰፈራችን ጣፋጭ ቤት ሰውዬም አላያትም። አደባባዩን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም፤ ማዶ ቆሜ ነው መሻገሬ የታወቀኝ። ከዚያ ጠፋሁ። ሁለት ጊዜ እዚያው አንድ የወንዶች ጸጉር ቆራጭ ደጅ ተመለስኩ፤ ሁለተኛው ላይ "እማማ፣ ይቀመጡና ልቁረጥዎት?" አለኝ። እያለቀስኩ ነበር የምሄደው፤ እየሳቅሁ ቀጠልኩ።

ወንዙ ትዝ አለኝ። ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ በጭቃ ምስል ሠሪዎቹ ሰፈር ያልፋል። ለበዓሉ በየደጁ እናት ዱርጋ ገና ሳትቀባ፣ ገና ዓይን ሳይሳልላት፣ በጭድና በጭቃ ከነአንበሳዋ ቆማለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ሳሪ የለበሰች ሴት አይተሃል ወይ ብዬ አንዱን ጠየቅኩት። "አንበሳህ የራበው ነው የሚመስለው፣ ሆዱን ሙላለት ያለችኝን ነው የምትዪው?" አለኝ፤ እጁ በአንበሳው ሆድ ላይ ጭቃ እየለጠፈ ነበር። ወደ ታች ጠቆመኝ።

ደረጃው ላይ፣ ውሃው ዳር ተቀምጣለች። ጫማዬን አውልቃ ጎኗ አስቀምጣዋለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልቆጣ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ረሳሁት። ቀድማ ተናገረች፤ ከኦገስት ወዲህ ለእኔ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ነው።

"በየት በኩል መጣሽ?"

ነገርኳት።

"ለብቻሽ?"

"ለብቻዬ።"

ጫማዬን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። ከዚያ "ቱኩ፣ ቦምቤ የት ነው የምትተኚው?" አለችኝ።

ከልጆቹ ጋር አልኳት። ልጆቹስ አለች። አልጋ ላይ አልኳት። አንቺስ? አለች። ለወገቤ መሬት ይሻለኛል አልኩ፤ ግን ቃሉ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። የማገዶ ጀልባ እያለፈ ነበር፤ እስኪያልፍ አየነው።

"ከቀዶ ጥገናው ካልተነሳሁ ሾሚክ በማግሥቱ ትኬት ይልክልሻል" አለች። "ቤቱ የአንቺ ነው፣ ወረቀቱን አስተካክያለሁ። ግን አደባባይ መሻገር የማትችል ሴት ቤት ቢኖራት ምን ይሆናታል? ትሄጃለሽ። ስለዚህ መንገዱን ላስይዝሽ ብዬ ነው። ከዚያ ደግሞ ደስ አለኝና ምክንያቱን ረሳሁት።"

እኔ ማልቀስ እንጂ ነገር መደራደር አልችልም ነበር። ዛሬ ቻልኩ። "ከበዓሉ በፊት ቀዶ ጥገናው ትገቢያለሽ" አልኳት። "ካልገባሽ ነገ ባቡር እይዛለሁ፤ ያስያዝሽኝን መንገድ ሁሉ አንድ በአንድ እረሳዋለሁ።"

እንዲህ ስትሆኚ አባታችንን ትመስያለሽ አለችኝ። ከዚያ እሺ አለች። ሰው በሚጎትተው ጋሪ ተመለስን፤ እኔ ለጎታቹ መንገዱን አሳየሁት። አንድ ቦታ ተሳሳትኩ። አላረመችኝም።

ሴፕቴምበር 12

የቀዶ ጥገናው ተራዋ ኦክቶበር 4 ሆነ። ዶክተር ሳንያልን አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በተቀመጠችበት ትውጣ ብዬ ለመንኩት። ጣሪያውን አየ፣ እኔን አየ፣ "በተቀመጠችበት" አለ።

ማሻገሪያ ጀልባ ላይ ተቀመጥን። ወዲያ ማዶ ደርሰን አልወረድንም፤ ወዲህ ተመልሰን አልወረድንም። ትኬት ቆራጩ ሦስተኛው ዙር ላይ ትኬት መጠየቁን ተወው። ከውሃው ላይ ሲያዩዋት ከተማችን ትንሽ ናት። የሄድንበት ሁሉ በአንድ እይታ ይገባል። እትዬ በጣቷ ታሳየኛለች፤ እኔ ስሙን እጠራለሁ። ደረጃዎቹን፣ የቤተ መቅደሱን ጣሪያ፣ የአበባ ገበያውን። ስሳሳት "ዜሮ" ትለኛለች። አንዲት ሙሽራ ጀልባው ላይ ነበረች፤ እሷም መገመት ጀመረች፤ እሷም ዜሮ አገኘች።

ኦክቶበር 4

ወሰዷት። በሩ ሲዘጋ "ሾርባሽ ጨው የለውም" አለችኝ።

ኮሪደሩን እየሄድኩ ነው። ጫፍ እስከ ጫፍ። ነርሷ ይቀመጡ አለችኝ። አልችልም አልኳት።

እስካሁን ምንም የለም።

ጋሽ ቦረን መጥተዋል። ጋዜጣ ይዘዋል። ተገልብጦባቸዋል።

ሐኪሙ ወጣ። ልቧ በራሱ መምታት ጀምሯል አለ። በራሱ። ቃሉን ደጋግሜ አስደገምኩት።

ኦክቶበር 7

ትኩሳት። ቁስሏ ተቆጥቷል። አታውቀኝም፤ "ሳሪዬን ይዘሽልኛል?" ትለኛለች። ይዤልሻለሁ እላለሁ።

ሾሚክ ደወለ። ከተማውን ስናስስ እንደነበር ነገርኩት፤ መዞር ነው የገደላት አለ። አልሞተችም አልኩት። እማዬ፣ ጥፋተኛ አይደለሽም ማለቴ እኮ ነው፣ ግን አለ። ግን ከማለቱ በፊት ዘጋሁት። በልጄ ጆሮ ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም። ጋሽ ቦረን ሻይ አመጡልኝ።

ሾሚክ ልክ ይሆን? በጎርፉ ቀን ብንመለስ ኖሮ። ደረጃውን ባንወጣ ኖሮ። ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ሳገላብጥ አደርኩ።

ኦክቶበር 10

ትኩሳቱ ወረደ። ዓይኗን ገልጣ ነርሷን አይታ "ይህች ልጅ መርፌ ስትወጋ ምላሷን ታወጣለች፤ ንገሯት" አለች። እጄን በአፌ ላይ አድርጌ ኮሪደር ወጣሁ። ስቄ ነው ያለቀስኩት ወይስ አልቅሼ ነው የሳቅሁት፣ ነርሷም ለየችው አልመሰለኝም።

ኦክቶበር 15

የበዓሉ ስድስተኛ ቀን። እናት ዱርጋ ከተማ ገብታለች። አውቶቡስ የለም፣ ትራም የለም፣ ታክሲ የሚባል ነገር በሕልም ነው። መንገዱ ሁሉ ሰው ነው። ጋሽ ቦረን ዛሬ አይሆንም፣ ነገ ትጠይቂያታለሽ አሉኝ።

በእግሬ ሄድኩ። ከባግባዛር እስከ ሆስፒታሉ።

በየመንገዱ ድንኳን ቆሟል፤ በየድንኳኑ መብራት፣ ከበሮ፣ አዲስ ልብስ፣ የጠፋ ልጅ ስም በድምፅ ማጉያ ይጠራል። አደባባዩ ላይ ትራፊክ ፖሊሱ ተስፋ ቆርጦ ቆሟል። አንዲት ልጅ እግር ሴት ሕፃን ታቅፋ መሻገር ፈርታ ዳር ቆማ ነበር። "ክንዴን ያዢኝ" አልኳት። ያዘችኝ። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ማዶ ስንደርስ እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፣ እርስዎ ለምደውታል አለችኝ። ለምጄዋለሁ አልኳት፤ ውሸት አልነበረም፤ ውሸት አለመሆኑ አስደነገጠኝ።

ሆስፒታል ስደርስ ሳሪዬ በላብ ርሶ፣ ጸጉሬ ተፈቶ፣ ከረሜላ ተለጥፎብኝ ነበር። እትዬ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ስታየኝ ዓይኗ ተገለጠ። ያየሽውን ንገሪኝ አለችኝ፤ ነገርኳት። ከሸንኮራ አገዳ ስለተሠራው ድንኳን፣ ከበሮ መቺው ራሱ ከበሮው ላይ ተኝቶ ስላገኘሁት፣ አንድ ሽማግሌ ዱርጋ ፊት ቆመው አንበሳውን ከአማታቸው ጋር ስላመሳሰሉት። ስለ እሳቸው ስነግራት ደረቷን በሁለት እጇ ደግፋ ሳቀች። "አታስቂኝ፣ ስፌቴ" አለች። "አይ፣ ሌላ ንገሪኝ።" እየነገርኳት እንቅልፍ ወሰዳት። ከንፈሯን አየሁት። ቀይ ነው። መብራቱን አጠፋሁና በመስኮቱ ብርሃን ደግሜ አየሁት።

ኦክቶበር 20

በዓሉ አልፏል። እትዬ ከነገ ወዲያ ቤት ትገባለች።

ሾሚክ ደወለ። ስለ ባለፈው አልተናገርንም። ድምፁ ደከም ያለ ነው፤ አሳዘነኝ። ለወሩ መጨረሻ ትኬት ቆርጦልኛል። ልጆቹ ጠይቀውኛል። ሪኒም እንዲያውም ከሠራተኛ እማዬ ትሻላለች ብላለች።

"አልመጣም ሾሚክ" አልኩት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ አልኩ።

"እስከ መቼ?" አለኝ።

ልጆቹን በበጋ ይዘሃቸው ና፣ እኔ ከተማውን አሳያቸዋለሁ አልኩት። አክስቴ ከታመመች ይህን ሁሉ እንዴት ታሳዪያቸዋለሽ አለኝ። አክስትህ ትቀመጣለች፣ የማሳያቸው እኔ ነኝ አልኩት። እሱም እናቱን የማያውቃት ሰው ሆኖ፣ ቀስ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ ደግሞ ጠየቀኝ።

"እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እስከ መቼ ነው የምትቆዪው?"

"ሰሜኑን ጨርሰነዋል ማለት ይቻላል" አልኩት። "ደቡቡን ግን ገና አልነካነውም።"

ስልኩን አስቀመጥኩ። ጋሽ ቦረን ጋዜጣቸውን አላወረዱም።

"ደቡቡ ሰፊ ነው" አሉ ከጀርባው። "እኔ ራሴ ጠፍቼበታለሁ።"